ሴንሰሩ የቆመበትን ቦታ ነው የሚነግረን

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያውን የአየር ሁኔታ ጣቢያዬን፣ ማለትም ሙቀት፣ ዝናብና ንፋስ የሚለካውን የቤት መሣሪያ፣ የገዛሁ ቀን ካርቶኑን ከፍቼ፣ ባትሪ ጨምሬ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ለዓይን የሚመች ቦታ ነበር። ከመስኮት ሆኜ አየዋለሁ፣ እጄም ይደርስበታል። ለሁለት ሳምንት ያህል ቁጥሮቹን በየቀኑ በደስታ መዘገብኩ። ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሁሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ድንገት ሽቅብ ይወጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ቶሎ አይወርድም። ደመናማ ቀን ላይ ግን ይህ የለም። ለካ ስመዘግብ የከረምኩት የግድግዳውን ሙቀት ነው።

ሴንሰሩ፣ ማለትም የሚለካው ክፍል፣ ምንም አልሆነም ነበር። ሥራውን በትክክል ሠርቷል። እዚያው የቆመበት ቦታ ላይ ያለውን ሙቀት ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ያንን የሰፈሩ ሙቀት ነው ብዬ ጻፍኩት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ስህተት የተነሣ ነው።

ጣቢያ ለመግዛት ስናስብ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብለን ነው። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ዓይን አዋጅ ይሆንብናል። እኔ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁን አንድ ሙሉ ቀን እንድታዩት እለምናችኋለሁ። ጠዋት ጥላው የት ይወድቃል? ቀትር ላይስ? ንፋሱ በየት በኩል ይገባል? ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚያንጠባጥበው የትኛው ዛፍ ነው? ጥሩ ቦታ ላይ የቆመ ርካሽ ሴንሰር፣ መጥፎ ቦታ ላይ ከተሰቀለ ውድ ሴንሰር የተሻለ እውነት ይነግራችኋል። ይህን በራሴ ግቢ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ነገሩ የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊቢያ ውስጥ አል-አዚዚያ በምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 ሙቀቱ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ ተብሎ ተመዘገበ። ይህ ቁጥር ለ90 ዓመታት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ኖረ። በ2012 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ባለሙያዎች መዝገቡን እንደገና መርምረው ሰረዙት። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ። መሣሪያው አጠራጣሪ ነበር፤ ያነበበውም ሰው ልምድ አልነበረውም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የዛሬውን ርዕሳችንን በቀጥታ ይነካል። መለኪያው የቆመበት መሬት አስፋልት መሰል ነገር የለበሰ ስለነበር፣ በዙሪያው ያለውን የበረሃ አፈር አይወክልም ነበር። ስህተቱ ወደ 7 ዲግሪ ሊጠጋ እንደሚችል ገምተዋል። ክብረ ወሰኑም አሜሪካ ውስጥ ወዳለው ዴዝ ቫሊ፣ ፈርነስ ክሪክ ተመለሰ፤ 56.7 ዲግሪ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913።

እንግዲህ ከሙቀት እንጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

የአየርን ሙቀት ለመለካት ስንነሣ ሦስት ነገሮች ይሻሙብናል። አንደኛው ቀጥታ የፀሐይ ጨረር ነው። ሁለተኛው ከመሬትና ከግድግዳ የሚንጸባረቀውና የሚወጣው ሙቀት ነው። ሦስተኛው የአየር አለመንቀሳቀስ ነው። ሴንሰሩ አየሩን እንዲለካ ከተፈለገ ጨረሩን መከለል፣ አየሩን ደግሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጋችሁ ከከለላችሁት አየር አያልፍም። አየር እንዲያልፍ ከከፈታችሁት ጨረር ይገባል።

ይህን ችግር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሚያምር መንገድ የፈታው ቶማስ ስቲቨንሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ዋና ሥራው የባሕር ዳርቻ የመብራት ማማ መገንባት ነበር። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኖቹ እንደ መስኮት መዝጊያ አግድም በተደረደሩና በተዘነበሉ ድርብ እንጨቶች የተሠሩ ሳጥን አበጀ። ጨረር ይመታል፣ ይመለሳል። አየር ግን በእንጨቶቹ መካከል እንደልቡ ያልፋል። ዛሬ በቤት ጣቢያዎች ላይ የምታዩት እንደ ሳህን የተደራረበው ነጭ ፕላስቲክ የዚያ ሳጥን ልጅ ነው። አንዳንዶቹ ትንሽ ማራገቢያ አላቸው፤ ንፋስ በሌለበትና ፀሐይ በበረታበት ቀን ልዩነቱ ይታያል። ማራገቢያ የሌለው ከለላ ደካማ የሚሆነው በዚያ ሰዓት ነውና።

ከፍታው ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ይሁን ይላል የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት። በግምት የሰው ደረትና ራስ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ የመሬቱ ሙቀት ይገዛዋል። ፀሐይ የመታው ባዶ መሬት ከአየሩ እጅግ ይሞቃል፤ በጠራ ሌሊት ደግሞ ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ የሚመረጠው አጭር ሣር ነው። ሲሚንቶ፣ ጠጠርና አስፋልት አይመረጡም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለጣቢያዎቹ፣ ከአስፋልትና ከኮንክሪት 30 ሜትር ያህል መራቅን ይመክራል። ከቤትና ከዛፍ ደግሞ የቁመታቸውን አራት እጥፍ።

አውቃለሁ፤ ማንኛችን ነን እንደዚህ ዓይነት ግቢ ያለን? ልክ ናችሁ። ግን ቁጥሩን ማወቃችን ጥቅም አለው፤ ከዚያ ምን ያህል እንደራቅን እንለካበታለን። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ራሱ ቦታዎችን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሰጥቷቸዋል። ደረጃ 1 ሰፊ አካባቢን የሚወክል ክፍት ቦታ ነው። ደረጃ 5 ላይ ስንደርስ በቦታው ምክንያት ብቻ እስከ 5 ዲግሪ ስህተት ሊጨመር ይችላል። አስቡት። ካታሎጉ ላይ «ትክክለኛነቱ 0.3 ዲግሪ» የሚል መሣሪያ ትገዙና፣ ቦታው 5 ዲግሪ ይበላባችኋል።

ስለዚህ ሙሉውን መመሪያ ባናሟላም፣ ዋና ዋናዎቹን ጠላቶች መሸሽ እንችላለን። በመጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣ ውጫዊ ክፍል፤ ሙቅ አየር የሚተፋው እሱ ነው። ከዚያ የጭስ ማውጫና የወጥ ቤት ማራገቢያ ቀዳዳ። ቀጥሎ መኪና የሚቆምበት ቦታ፤ ሞተሩ የጋለ መኪና ከሥሩ ሲቆም ሴንሰሩ ወዲያው ያውቃል። ፀሐይ የሚመታው ወፍራም ግድግዳ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። የኔ ስህተት ይሄው ነበር።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ንፋስ በሌለበት የጠራ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። አጥር ካለ ደግሞ ይገደባል። ሴንሰራችሁን እዚያ ጥግ ካቆማችሁት፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ካለው ቦታ የቀዘቀዘ ሌሊት ይመዘግባል። ውርጭ የሚፈራ አትክልት እዚያ ዝቅታ ላይ ካላችሁ ግን፣ ትክክለኛው ቦታ ራሱ እዚያ ነው! ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት «ማወቅ የምፈልገው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው። የአካባቢውን አየር ነው? ወይስ የአትክልቴን አልጋ? ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ቦታቸው ግን አንድ አይደለም።

እርጥበት ከሙቀት ጋር አንድ ከለላ ውስጥ ስለሚቀመጥ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንጻራዊ እርጥበት በሙቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እውነተኛው አየር 20 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ቢሆን፣ ሴንሰሩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ 47 በመቶ ገደማ ያሳያችኋል። ስለዚህ «የእርጥበት ሴንሰሩ ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት ሙቀቱን ፈትሹ። ከሣር ማጠጫ፣ ከኩሬና ከተጠጋጋ ቁጥቋጦም አርቁት።

አሁን ወደ ዝናብ ልምጣ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል።

ዊልያም ሄበርደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ የዝናብ መለኪያዎችን በአቅራቢያ ለአቅራቢያ አስቀመጠ። አንዱን ከታች፣ አንዱን በአንድ ቤት ጣሪያ ላይ፣ አንዱን ደግሞ በዌስትሚንስተር አቢ ጣሪያ ላይ። አንድ ዓመት ለካ። ውጤቱን በ1769 ሲያሳትም ከታች ያለው 574 ሚሊ ሜትር ያህል ሰብስቦ ነበር፤ የቤቱ ጣሪያ 461፤ የአቢው ጣሪያ 307። ልብ በሉ፤ ደመናው አንድ ነው፣ ዝናቡም ያው ነው፣ የተገኘው ውሃ ግን ከላይ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከራከሩበት። ጠብታዎቹ ሲወርዱ እየወፈሩ ይሆን እንዴ ያሉም ነበሩ። በ1861 ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር ምክንያቱ ንፋስ መሆኑን አስረዳ። ንፋስ መለኪያውን ሲመታ ከአፉ በላይ ሽቅብ ይጎብጣል፣ ይፈጥናልም። ቀላሎቹን ጠብታዎች ይዟቸው ያልፋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ንፋስ ይበረታል፣ የሚጠፋውም ዝናብ ይበዛል።

የዝናብ መለኪያን ጣሪያ ላይ አታውጡ የምለው በዚህ የተነሣ ነው። «እዚያ ምንም አይከልለውም» ብሎ ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ የጎደለ ዝናብ ነው። መደበኛ ጣቢያ ላይ እንኳ ንፋስ ከዝናብ ከ2 እስከ 10 በመቶ፣ ከበረዶ ደግሞ ከ10 እስከ 50 በመቶ እንደሚያሳጣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ይገልጻል።

በሌላ በኩል ደግሞ ዛፍና ቤት ከተጠጋው ዝናቡ ይከለላል፣ ወይም ከቅጠል የሚንጠባጠብ ትርፍ ውሃ ይገባበታል። ቢያንስ የሚከልለውን ነገር ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል አርቁት። 4 ሜትር ከሚቆም ቤት 8 ሜትር ማለት ነው። ብትችሉ አራት እጥፍ። ራቅ ብሎ ዙሪያውን እኩል የሆነ ዝቅተኛ ቁጥቋጦ ቢኖር አይጎዳም፤ እንዲያውም ንፋሱን ያበርድለታል። ከፍታውን ብዙ አገሮች ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያደርጉታል። ከታች በጣም ከወረደ ከመሬት የሚፈናጠር ውሃ ይገባበታል።

ብዙዎቹ የቤት ጣቢያዎች ውስጥ እንደ ሕፃናት የሚዛን መጫወቻ ወዲያና ወዲህ የምትገለበጥ ትንሽ ጎድጓዳ አለች። በተገለበጠች ቁጥር 0.2 ወይም 0.254 ሚሊ ሜትር ትቆጥራለች። ይህች ነገር ሁለት ነገር አትወድም፤ መዘንበልና መንቀጥቀጥ። መለኪያው ካዘነበለ አንዱ ጎን ቶሎ ይገለበጣል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ውሃ ልክ ይዛችሁ ውጡ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ምሰሶው በንፋስ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ላይ «ዝናብ ዘነበ» ይላችኋል። ይህ እኔ ላይ ደርሷል። ማዕበል የመሰለ ደረቅ ንፋስ ያደረ ጠዋት 3 ሚሊ ሜትር ተመዝግቦ አገኘሁ፣ መሬቱ ግን ክው ብሎ ደርቋል።

ልካችሁን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። የመለኪያችሁ አፍ ክብ ሆኖ ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 201 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 201 ሚሊ ሊትር ውሃ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ብታንጠባጥቡበት 10 ሚሊ ሜትር ማሳየት አለበት። አትቸኩሉ። ቶሎ ከደፋችሁት ጎድጓዳዋ ስትገለበጥ ውሃ ያመልጣታል።

ወደ ንፋስ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሙቀትና ዝናብ ዝቅ በሉ ሲሉን፣ ንፋስ ከፍ በሉ ይለናል። መደበኛው ከፍታ 10 ሜትር ነው፤ ንፋሱን ከሚከልል ከማንኛውም ነገር ደግሞ የቁመቱን አሥር እጥፍ መራቅ አለበት። ቤታችሁ 6 ሜትር ቢሆን 60 ሜትር ማለት ነው። በመኖሪያ ሰፈር ይህ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ራሳችንን አናታልል። ክፍት በሆነ አጭር ሣር ላይ እንኳ በ2 ሜትር ከፍታ የሚለካ ንፋስ ከ10 ሜትሩ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግቢ ውስጥ፣ አጥርና ቤት መካከል፣ ከዚያም በጣም ያንሳል።

ፍጥነቱ ማነሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከቤት ጀርባ ንፋሱ ይሽከረከራል። ዋናው ንፋስ ከምሥራቅ ሲመጣ ጠቋሚው ወደ ምዕራብ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ከቻላችሁ ንፋስ መለኪያውን ብቻውን ከጣሪያው ጫፍ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ አድርጉት። ጣሪያው ራሱ ንፋሱን ስለሚያጎብጠው ጠጋ ብሎ መሰቀል አያዋጣም። ምሰሶውን በቱምቢ ወይም በውሃ ልክ አቁሙት። አቅጣጫውን ስታስተካክሉ ደግሞ ኮምፓስ የሚያሳያችሁ የማግኔት ሰሜን መሆኑን አስታውሱ። እውነተኛው ሰሜን ከዚያ በጥቂት ዲግሪ፣ አንዳንድ ቦታ በብዙ ዲግሪ፣ ይለያል። ካርታ ላይ የመንገዳችሁን ወይም የቤታችሁን ጎን አቅጣጫ አይታችሁ ብታስተካክሉ ይቀላል።

እዚህ ላይ ስለ ጥንቃቄ መናገር አለብኝ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ የብረት ምሰሶ በፍጹም አታቁሙ። ምሰሶው ቢወድቅ ሽቦውን የማይነካበት ርቀት ይኑረው። መሰላል ላይ ብቻችሁን አትውጡ። ከፍ ያለ የብረት ምሰሶ መብረቅም ስለሚስብ፣ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ በባለሙያ አሠሩ። የንፋስ ፍጥነት ለማወቅ ሕይወት አይከፈልም።

«የኔ ጣቢያ ግን ሁሉም በአንድ አካል የተሠራ ነው፤ የቱን ከየት ለይቼ ልስቀል?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ከፍ ብታደርጉት ንፋሱ ይሻሻላል፣ ዝናቡና ሙቀቱ ይበላሻል። ዝቅ ብታደርጉት የተገላቢጦሽ። እኔ ብሆን ክፍት ቦታ ላይ 2 ሜትር አካባቢ አቆመዋለሁ። ሙቀቱና ዝናቡ ትክክል ይሁኑልኝ፤ የንፋሱን ቁጥር «የግቢዬ ንፋስ ነው» ብዬ እቀበላለሁ። ሁሉንም በመካከለኛ ከፍታ አስማማለሁ ብሎ አራት አምስት ሜትር ላይ ማድረግ ሦስቱንም ያጎድላል። ስትገዙ ምርጫ ካላችሁ ደግሞ ተለያይተው የሚሰቀሉትን ግዙ። የሁለተኛ ምሰሶ ድካም በጣም ያዋጣል።

የአየር ግፊት መለኪያው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ግፊቱ ውስጥም ውጭም አንድ ነው ማለት ይቻላል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ብቻ አታድርጉት። ከባሕር ወለል ያላችሁን ከፍታ በትክክል አስገቡ፤ በባሕር ወለል አካባቢ፣ ወደ ላይ በየ8 ሜትሩ ግፊቱ 1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይቀንሳልና።

የፀሐይ ጨረር ሴንሰርና ባትሪ የሚሞላው ትንሹ ፓኔል ጥላ አይወዱም። ፓኔሉ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ወደ ሰሜን ይዙር። ሽቦ አልባ መልእክቱ ደግሞ በብረት ጣሪያና ወፍራም ግድግዳ ይደክማል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ሴንሰሩን ያሰባችሁበት ቦታ ላይ በጊዜያዊ እንጨት አስራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፈትሹት።

የአፓርታማ ነዋሪዎችን አልረሳሁም። በረንዳ ብቻ ካላችሁ፣ ሙቀቱን ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ከግድግዳው በአግድም ዘንግ ቢያንስ አንድ ሜትር አውጥታችሁ ስቀሉት። ወደ ውጭ ሲወጣ ደህና አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከሥር ሰው ያልፋል። ዝናብና ንፋስ ከበረንዳ አይለኩም ብላችሁ ተዉዋቸው። ሁለት ትክክለኛ ቁጥር ይዞ መኖር፣ አምስት የሚያጠራጥሩ ቁጥሮችን ከመሰብሰብ ይሻላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ከተከላችሁ በኋላ አራት ፎቶ አንሡ፤ ከሴንሰሩ ጎን ቆማችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ። ቀኑን፣ ከፍታውንና ከሥሩ ያለውን መሬት ጻፉ። በየዓመቱ ድገሙት። ዛፍ ያድጋል፣ ጎረቤት ፎቅ ይሠራል፣ ሣሩ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ለውጡ ቀስ ስለሚል በዓይን አይያዝም። የሸረሪት ድርና የወፍ ኩስም አትርሱ፤ የዝናብ መለኪያውን ጉሮሮ የሚዘጉት እነሱና ቅጠል ናቸው።

ጥቂት ወራት ሲያልፍ ደግሞ የንፋስ አቅጣጫውን መዝገብ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከአንድ አቅጣጫ ምንም ንፋስ እንዳልመጣ ሆኖ ባዶ ከታያችሁ፣ ምሰሶው ሥር ሄዳችሁ ወደዚያ ዙሩና ቀና በሉ። ፊት ለፊታችሁ ወይ ዛፍ አለ፣ ወይ ግድግዳ።